ሚሳኤል በሻይ ወንፊት፦ የዩቪ እና አይአር ሲሙሌተር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3

ዕቃው ገና አልተሟላም። ማስታወሻውን ግን ዛሬ ካልጀመርኩ መቼም አልጀምረውም።

የምሠራው አንድ ሳጥን ነው። ውስጡ ሁለት ዓይነት ብርሃን ይኖራል። አንዱ አልትራቫዮሌት፣ ባጭሩ ዩቪ። ሌላው ኢንፍራሬድ፣ አይአር። ሳጥኑን ሴንሰር ፊት አስቀምጬ ቁልፉን ስጫን፣ ከሩቅ እየተምዘገዘገ የሚመጣ ሚሳኤል የሚመስል ብርሃን መውጣት አለበት። ደከም ብሎ ይጀምርና በ3 ሰከንድ ውስጥ ይበረታል። ሰው አያየውም፤ ሴንሰሩ ግን ማየት አለበት።

መነሻው አንድ ተማሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአውሮፕላን ጥገና ልጆች ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ስለ ሚሳኤል ማስጠንቀቂያ ሴንሰር እያወራሁ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሴንሰሩ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ሚሳኤል ይተኮስበታል እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥያቄው ግን አሪፍ ነው። አይተኮስበትም። ቴክኒሻኑ በእጅ የሚያዝ ሲሙሌተር ይዞ መሬት ላይ የቆመውን አውሮፕላን ይዞራል። ወደ እያንዳንዱ ሴንሰር ያነጣጥርና ኮክፒት ውስጥ ማስጠንቀቂያው መምጣቱን ያረጋግጣል። የአሜሪካኖቹን ኤኤን/ኤኤአር-47 የሚባለውን የሚሳኤል ማስጠንቀቂያ ብንወስድ፣ አራት የዩቪ ሴንሰሮች ዙሪያውን ተከፋፍለው ያያሉ። የአንዱ መስኮት በዘይት ከቆሸሸ በዚያ በኩል አውሮፕላኑ ዕውር ነው።

ነገሩ የጦር አውሮፕላን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ሞምባሳ ላይ፣ የእስራኤሉ አርኪያ አየር መንገድ ቦይንግ 757 ሲነሳ ሁለት በትከሻ የሚተኮሱ ሚሳኤሎች ተለቀቁበት። ሁለቱም ሳቱ። በዓመቱ ባግዳድ ላይ የዲኤችኤል ኤርባስ ኤ300 ክንፉን ተመታ፤ አብራሪዎቹ በሞተር ግፊት ብቻ እየመሩ አሳረፉት። ልጆቹ ይሄን ታሪክ ስነግራቸው ሳቁ ጠፋ።

እውነተኛውን መሣሪያ አልሠራም፤ አልችልምም። የኔ ለጠረጴዛ ነው። ርቀቱ 2 ሜትር፣ ሴንሰሮቹም ለእሳት ማወቂያ የሚሸጡ ተራ ዕቃዎች። ፊዚክሱ ግን ያው ነው።

ጥቅምት 9

ዕቃ መጣ። ከዱባይ በሚመጣ የጓደኛዬ ሻንጣ ውስጥ፣ ካልሲ ተጠቅልሎ።

የመጣው የሃማማትሱ ኩባንያ ዩቪትሮን አር2868 ነው፤ የዩቪ ሴንሰር የሆነች ትንሽዬ የብርጭቆ አምፖል፣ ከነሞጁሏ፣ ማለትም ከምታሠራትና ምቱን ከምታወጣላት ሰርኪዩት ጋር። ሁለቱ ተደምረው 120 ዶላር አካባቢ። ከዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ይሄ እንዲሆን እጸልያለሁ።

አሠራሯ ደስ ይላል። ውስጧ ብረትና ጋዝ ነው። አንድ የዩቪ ፎቶን ብረቱን ሲመታው ኤሌክትሮን ያፈናቅላል። ከ300 ቮልት በላይ ስላለ ኤሌክትሮኑ ይንደረደራል፣ ጋዙን ይሰብራል፣ አንድ ምት ይወጣል። የምታየው የሞገድ ርዝመቱ ከ185 እስከ 260 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ብቻ ነው። ፀሐይን አታይም፤ ምክንያቱም ከ290 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን የፀሐይ ዩቪ ላይ ያለው ኦዞን ይውጠዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋም ትፋጃለች፤ የኦዞኑ አብዛኛው ክፍል ግን ከኛ በጣም በላይ ስለሆነ ለውጥ የለውም። በረንዳ ላይ ወጥቼ ቀጥታ ወደ ፀሐይ አዞርኳት። ዝም። ክብሪት ጫርኩ። ተንጫጫች። ጧፍ ለኮስኩ፣ 4 ሜትር ራቅኩ። አሁንም ታያለች።

የሚሳኤል ሴንሰር ሠሪዎችም ይህን መስኮት የመረጡት ለዚህ ነው። ፀሐይ የሌለችበት ሰማይ ላይ የሮኬት ጭራ ብቻውን ያበራል።

ጥቅምት 14

አሁን የራሴ የዩቪ ምንጭ ያስፈልገኛል። ሁለት ነገር ሞከርኩ፣ ሁለቱም ሸወዱኝ።

መጀመሪያ ከመርካቶ የሐሰት ብር መለያ መብራት በ450 ብር ገዛሁ። ሐምራዊ ያበራል፣ የ200 ብር ኖት ላይ ያምራል። ዩቪትሮኗ ፊት ሳስቀምጠው ምንም። እሱ 365 ናኖሜትር አካባቢ ነው። በዓይን ሐምራዊ የሚታይ «ዩቪ» ለዚህ ሥራ ዩቪ አይደለም። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ገዛሁት፤ ምናልባት ብዬ።

ሁለተኛው ትንሽ ያሳፍራል። ከሴንሰሯ ጋር «ጀርም ገዳይ» የሚባል ኤልኢዲም አስመጥቼ ነበር፣ 275 ናኖሜትር። 275 እና 260 ጎረቤት ናቸው አልኩ። ኤልኢዲውን 5 ሴንቲሜትር ላይ ሳስጠጋ አልፎ አልፎ ምት አለ። ደስ አለኝ። 50 ሴንቲሜትር ስወስደው ጠፋ። ኤልኢዲው ሞቷል ብዬ ግማሽ ቀን ሰርኪዩቱን ስፈታ ዋልኩ። ሬዚስተር ቀየርኩ፣ ሞስፌት ቀየርኩ።

ሰርኪዩቱ ምንም አልሆነም ነበር። የ275 ፎቶን ጉልበቱ 4.5 ኤሌክትሮንቮልት ነው፤ የ260 ደግሞ 4.77። አምፖሏ ውስጥ ያለው ብረት ከዚያ በታች ለመጣ ፎቶን ኤሌክትሮን አይለቅም። ብርሃኑ ቢበዛም አይለቅም። በቅርብ ያየኋቸው ምቶች የኤልኢዲው ጅራት ናቸው፤ ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወደ አጭሩ ሞገድ ስለሚፈስ። ፎቶኤሌክትሪክን ለስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬ ገንዘብ ከፍዬ ተማርኩት።

ጥቅምት 18

ጉድ ነው። ዛሬ ምንም ብርሃን ሳይኖር ሴንሰሯ ትጮኻለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ከዚያ እንደገና ትጮኻለች። የአምፖሏ ወረቀት በራሷ የምትተኩሰው በደቂቃ ከ10 አይበልጥም ይላል። እኔ በአንድ ደቂቃ ከ900 በላይ ቆጠርኩ።

ሞጁሉን ጠረጠርኩ። ባትሪውን ጠረጠርኩ። የጎረቤት ጄኔሬተር ነው ብዬ ገመዱን ሁሉ በፎይል ጠቀለልኩ።

ባለቤቴ በረደኝ ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ጩኸቱ ቆመ።

ከፈትኩት። ትንሽ ቆይቶ ጮኸ። ዘጋሁት፤ ዝም። አንገቴን አውጥቼ ሳይ ከመንገዱ ማዶ የበር ሥራ ቤቱ አለ። ልጁ ላሜራ እየበየደ ነው። ርቀቱ 60 ሜትር ቢሆን ነው። የብየዳ እሳት ዩቪው ከባድ ነው፤ ተራ የመስኮት መስታወት ደግሞ ያንን ዩቪ አያሳልፍም። ለዚህ ነው መስኮት ሲዘጋ ፀጥ ያለችው። በኤልኢዲው ጊዜ ዝም ስትል ልክ ነበረች። አሁን ስትጮህም ልክ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሁለቴም።

ከዛሬ ጀምሮ በያጁ ልጅ የኔ ሁለተኛ ሲሙሌተር ነው። በነፃ።

ጥቅምት 25

ትክክለኛው ምንጭ የውሃ ማጣሪያ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ተገኘ። 4 ዋት የሜርኩሪ ቱቦ፣ ኤሌክትሪኩን ከሚመጥንለት ባላስት ጋር 1,800 ብር። ከፍተኛው መስመሩ 253.7 ናኖሜትር ላይ ነው፣ ዩቪትሮኗ ከምታየው ክልል ውስጥ። ሳበራው ከክፍሉ ጥግ ሆና አበደች። በጣም በዛ። የሞጁሉ ቆጣሪ ጣሪያ ነካ።

ችግሩ ማደብዘዝ ነው። ተራ የፎቶ ማጣሪያ አይሆንም፤ ፕላስቲክም መስታወትም ይህን ዩቪ ጨርሶ ይዘጉታል። የሚያስፈልገኝ ሁሉንም ሞገድ እኩል የሚቀንስ ነገር ነው። ሽቦ። የብረት ወንፊት ለሞገድ ርዝመት አያዳላም፤ ክሩ ላይ ያረፈው ይቀራል፣ ቀዳዳው ላይ ያረፈው ያልፋል። ወጥ ቤት ሄጄ የሻይ ወንፊቱን አመጣሁ። አንዱ ከግማሽ በታች አደረገው። ሁለት ስደርብ ግን ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ወንፊቱን ትንሽ ሳዞረው ይለወጣል። የሁለቱ ክሮች እንደ ጥልፍ እየተደራረቡና እየተላለፉ ነው። በመካከላቸው 3 ሴንቲሜትር ክፍተት ሰጥቼ ሁለተኛውን በሰያፍ ሳስቀምጠው ረጋ።

አራት የሻይ ወንፊት ገዛሁ፣ እያንዳንዱ 120 ብር። የቤቱን መለስኩ። ሻይ ሲቀዳ የሶልደር ሽታ አለው ተብሏል።

ጥቅምት 26፣ ሌሊት

ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። እንባዬ አይቆምም። ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይን ነው።

ትናንት ቱቦውን ያለ ሽፋን፣ 30 ሴንቲሜትር ላይ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ስነካካው ነበር። መነጽር አላደረግኩም። ብርሃኑ ደብዛዛ ሰማያዊ ነው፤ ምንም አይመስልም። አደገኛው ክፍል ግን አይታይም። ዛሬ ሒሳቡን ሠራሁት። ለ254 ናኖሜትር በ8 ሰዓት ውስጥ የሚፈቀደው መጠን በካሬ ሜትር 60 ጁል ነው። የኔ ቱቦ በዚያ ርቀት በ1 ደቂቃ ገደማ ይሞላዋል። እኔ 15 ደቂቃ ተቀመጥኩ። በያጆች «ዓይኔን መታኝ» የሚሉት ይሄው ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል።

ነገ ሌላ ሥራ የለም። ሳጥን ብቻ።

ኅዳር 1

ሳጥኑ ከኮምፔንሳቶ ተሠራ፣ ውስጡ በጥቁር ቀለም። ክዳኑ ላይ ከተበላሸ ማይክሮዌቭ የነቀልኩትን የበር ስዊች አደረግኩ። ክዳኑ ሲከፈት ቱቦው ይጠፋል። ከሳጥኑ የሚወጣው በወንፊት የተጣራ ጭላንጭል ነው። ስድስት የፕላስቲክ መነጽር ገዛሁ፣ አንዱ 250 ብር። ፖሊካርቦኔት ይህን ዩቪ ያግዳል፤ ሴንሰሯ ፊት ይዤ አረጋገጥኩ፣ ቆጠራው ባዶ ሆነ።

ኅዳር 5

መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ዛሬ ወደ ኢንፍራሬዱ።

የሮኬት ጭራ ሞቃት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ እሱ 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ በኃይል ያበራል። ሴንሰሬ ፓይሮኤሌክትሪክ ነው፤ የሙቀት ጨረር ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያወጣ፣ ፊቱ ላይ ያንን ሞገድ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያለው። የሌባ ማንቂያ ውስጥ ያለው ዘመዱ ነው፤ ያኛው ግን የሰው ገላ ሙቀት ያያል፣ 9 ማይክሮሜትር ገደማ።

ምንጭ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። የጋለ ነገር በየትኛው ሞገድ አብዝቶ እንደሚያበራ ለማወቅ 2,898ን በኬልቪን ሙቀቱ ማካፈል ነው። የሶልደር ካውያዬን 400 ዲግሪ ላይ ሳስቀምጠው 673 ኬልቪን ነው፤ ሲካፈል 4.3 ማይክሮሜትር። ሙሉ ዘመኔን የሚሳኤል ቀለም የሚያበራ ዕቃ ጨብጬ ስሠራ ኖሬአለሁ።

ካውያውን ሴንሰሩ ፊት አቆምኩት። ምንም። አስጠጋሁት። ምንም። ተናድጄ በእጄ ሳንቀሳቅሰው መርፌው ዘለለ። ፓይሮኤሌክትሪክ ለውጥ እንጂ ሙቀት አያይም፤ የቆመ ነገር ለእሱ የለም። ነበልባል በተፈጥሮው ይርገበገባል፣ በሰከንድ ከአንድ እስከ አስራ ምናምን ጊዜ። የእሳት ሴንሰሮች የሚጠብቁትም ያንን ነው። የአውሮፕላኖቹ አይአር ሴንሰሮች እንደ ካሜራ ምስል የሚይዙ ስለሆኑ እንዲህ አይቸገሩም። የኔ ግን የድሃ ነው።

ካውያው ጫፉ ትንሽ ስለሆነ ደካማ ነው። የምጣድ ሽቦ ቆርጬ እንደ ምንጭ ጠቀለልኩት፣ በ12 ቮልት ደብዝዞ እስኪቀላ። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን እያቋረጥኩ ላርገበግበው ሞከርኩ። ሽቦው ወፍራም ነው፤ ሳይቀዘቅዝ እንደገና ይሞቃል። የማታ ማታ ከአሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ሞተር ነቅዬ ከላሜራ ሁለት ክንፍ ያለው ሳህን ቆርጬ አሰርኩለት። በሰከንድ 4 ጊዜ ይጋርዳል። አሁን ሴንሰሩ ከ2 ሜትር ያየዋል።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ከንጋቱ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያነደደ ነው። ከተማ ሙሉ እሳት ያለበት ቀን በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሴንሰሮቹን ይዤ በር ላይ ተቀመጥኩ።

ከጎረቤት ክምር 15 ሜትር እርቃለሁ። ነበልባሉ ሲነሳ ሁለቱም ቻናሎች አዩት። ዩቪው በሰከንድ 30 ምት ገደማ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ እርጥብ ቅጠል ጨመረችበት። ጭሱ ወደኔ ዞረ። ዩቪው ወደ 3 ወረደ። አይአሩ ትንሽ ብቻ ቀነሰ። ነፋሱ ሲያነሳው ዩቪው ተመለሰ። ዐሥር ጊዜ ያህል ተደጋገመ፤ እያሳለኩ ጻፍኩት።

የዩቪ ሴንሰር ድክመቱ ጭስና የዘይት ተን መሆኑን ከመጽሐፍ አውቃለሁ። በቆሻሻ ጭስ ማየት ግን ሌላ ነው። የሚሳኤል ሴንሰር መስኮት ላይ የሞተር ዘይት ቢቀባ ምን እንደሚሆን ልጆቹን ለማሳየት ጣቴን ዘይት ውስጥ ነክሬ ትንሽ የኳርትዝ ቁራጭ ላይ አሻሸሁ። ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ቆጠራው ከግማሽ በታች ወረደ።

«አቶ መምህር፣ ጭሱን እየለኩ ነው?» አሉኝ አንድ አዛውንት። አዎ አልኩ። ሌላ ምን ልበል።

ኅዳር 19

ዋናው ሥራ፣ የሚቀርብ ሚሳኤል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 500 ሜትር የሚመጣ ነገር ከ2,000 ሜትር ተነስቶ 500 ሜትር ለመድረስ 3 ሰከንድ ይፈጃል። ርቀቱ ወደ አንድ አራተኛ ሲወርድ ብርሃኑ 16 እጥፍ ይሆናል። ግን ቀስ ብሎ አይደለም። ከ1 ሰከንድ በኋላ ገና 1.8 እጥፍ ነው፤ ከ2 ሰከንድ በኋላ 4፤ የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ነው ወደ 16 የሚፈነዳው።

ይህን በላሜራ መቁረጥ ነው። ትንሽ ሰርቮ ሞተር የሚያዞረው ሳህን፣ ላዩ ላይ እንደ ጥሩንባ የሚሰፋ ቀዳዳ። ስፋቱ 0.5 ሚሊሜትር ላይ ይጀምራል፣ 0.9፣ 2፣ ከዚያ 8። በትራፓኖ አስጀምሬ በቀጭን ሞረድ ጨረስኩት። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀ፣ አንድ ጣትም።

ውጤቱ፦ መጀመሪያ በሰከንድ 4.8 ምት፣ መጨረሻ 44። 16 እጥፍ ጠብቄ 9 አገኘሁ።

ሰፊው ጫፍ ጠቦኛል አልኩና ሞረዱን አነሳሁ። ወደ 12 ሚሊሜትር አሰፋሁት። 54 ሆነ። 11 እጥፍ ብቻ። ግማሽ ያህል አስፍቼው እንዴት እንዲህ ትንሽ ይጨምራል? ሰፊው ጫፍ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ተጠግቷል፤ ሌላ ሚሊሜትር ብሞርደው ይከፈታል።

ሞረዱን አስቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። በሚገባው ወንፊት።

ኅዳር 21

ቀዳዳው አልነበረም። ሞጁሉ ነው። የሚያወጣው እያንዳንዱ ምት 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ፎቶን ቢመጣ አይቆጠርም። ስለዚህ በሰከንድ ወደ 100 ሲጠጋ ቆጠራው ይታነቃል። 80 እውነተኛ ምት 44 ሆኖ ይታያል። 120 ደግሞ 54። ቁጥሬን ሳስገባው ቁልጭ ብሎ ወጣ። የመጀመሪያው ሳህን ትክክል ነበር። ሞርጄ ያበላሸሁት ትክክለኛውን ነው።

አዲስ ላሜራ፣ ሌላ ከሰዓት። በዚህኛው አንድ ወንፊት ጨምሬ ከታች ጀመርኩ። ታች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በሰከንድ 2 ምት ማለት አንዳንዴ 0፣ አንዳንዴ 5 ነው። 10 ጊዜ አስኪጄ አማካይ ወሰድኩ። መጀመሪያ 2.1፣ መጨረሻ 23.8። የሞጁሉን ዕውርነት አስተካክዬ፣ በራሷ የምትተኩሰውን ቀንሼ፣ 15 ተኩል እጥፍ። ለሞረድ ሥራ በቂ ነው።

ኅዳር 28

ሳጥኑ መስኮት ያስፈልገዋል። የጋለ ሽቦ ነውና የተማሪ ጣት ይገባል። ግን ምን ዓይነት መስኮት? ተራ መስታወት ሁለቱንም ይዘጋል። ኳርትዝ ዩቪውን ያሳልፋል፣ 4.3 ላይ ግን ይጨልማል። ሁለቱንም የሚያሳልፍ በቀላሉ የሚገኝ ጠንካራ ነገር ሳፋየር ነው። የአንዳንድ ሚሳኤሎች አፍንጫም ከእሱ ይሠራል። ከተማ ውስጥ ሳፋየር የት ይገኛል? የእጅ ሰዓት ላይ።

አንድ አሮጌ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት የተነቀሉ መስታወቶች አወጡልኝ። «ሁለቱም ሳፋየር ናቸው። ውሃ ጠብ አድርግባቸው፣ ጠብታዋ ክብ ሆና ትቆማለች» አሉ። ጠብ አደረጉ፤ ቆመች። ለሁለቱ 1,400 ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ዩቪትሮኗ ፊት ያዝኳቸው። አንዱ ከግማሽ በላይ አሳለፈ። ሁለተኛው ዜሮ። ተራ መስታወት ነው። መለስኩላቸው። አልተቆጡም፣ ይልቁን መሣሪያውን ማየት ፈለጉ። አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና የራሳቸውን ሰዓት ከእጃቸው ፈቱ። ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩና መልሰው አሠሩት። «ተወው፣ ባላውቅ ይሻለኛል።»

የሰዓት መስታወቱ 30 ሚሊሜትር ነው። ለኔ ይበቃል።

ታኅሣሥ 4

ልጆቹ ቤት መጡ። 11 ናቸው፤ መነጽር 6 ነው ያለኝ፣ በተራ አደረጉ። ሳጥኑ የሚያወጣው ትንሽ ቢሆንም ያለ መነጽር አላስጠጋም።

ከሴንሰሮቹ ጋር የተያያዘው ማስጠንቀቂያ መብራት የሚበራበትን ደንብ አስረዳሁ። ዩቪ ብቻ ካለ ቢጫ መብራት። አይአር ብቻ ካለ ቢጫ። ሁለቱ አብረው ካሉ ቀይ። በያጁን በዩቪ ብቻ፣ ካውያን በአይአር ብቻ ለይቶ ይጥላል። መስኮት ከፈትን፤ ልጁ ማዶ ይበይዳል፣ ቢጫ ብቻ በራ። ጭብጨባ።

ሲሙሌተሩን አስነሳሁ። ቀይ። ሌላ ጭብጨባ።

ሲሙሌተሩን አጠፋሁ። ቀይ።

ገመዱን ነቀልኩ። አሁንም ቀይ፣ ብልጭ ድርግም። ልጆቹ ተያዩ። «ቲቸር፣ እውነተኛ ሚሳኤል ነው?» አለ ያው ልጅ።

ያገኘችው አንዲት ተማሪ ናት። በጣቷ ወደ በሩ አሳየች። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ በረንዳው ላይ ማንደጃ ይዛ ተቀምጣለች። ከሰሉ ቀልቷል። በማራገቢያ እያራገበችው ነው፤ በሰከንድ ሁለት ሦስቴ። የጋለ ከሰል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እየተርገበገበ። ከሰል ዩቪ የለውም። ዩቪውን ደግሞ በያጁ በመስኮት ይልካል። ሁለቱ ተገናኝተው ሚሳኤል ሆኑ።

«እረፊልኝ» አልኳት። «ቡናውስ?» አለች። ልጆቹ ቡናውን መረጡ።

ታኅሣሥ 9

ሦስተኛ ደንብ ጨመርኩ። ሁለቱ አብረው መኖራቸው አይበቃም፤ ዩቪው በ3 ሰከንድ ውስጥ እያደገ መምጣት አለበት፣ የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ይበልጥ። አርዱዪኖ በምትባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ 40 መስመር ኮድ ነው። ብየዳ ሲጀምር በአንዴ ዘሎ ይመጣል፤ ቀስ ብሎ አያድግም። ስለዚህ ይወድቃል መባሉ ነው።

በያጁን ልጅ ጠራሁት። ለ20 ጭረት ማኪያቶ ጋበዝኩት። «ጋሼ፣ ብየዳዬን ነው የሚመረምሩት?» አለ። እሱ ከማዶ ይጭራል፣ ባለቤቴ እዚህ ታራግባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከ20፣ ቀይ ዜሮ።

ከዚያ ሲሙሌተሩን 20 ጊዜ። 18 ቀይ።

ሁለቱ የጠፉት 13ኛውና 17ኛው ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ምቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ ያጋጣሚ ነገር ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ባላስቱ ሲሞቅ መዝፈን ይጀምራል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ናቸው። ማክሰኞ ክዳኑን ሳልከፍት በጎን ቀዳዳ ቴርሞሜትር አስገብቼ የቱቦውን ሙቀት እየለካሁ 50 ጊዜ አስኬደዋለሁ። ሌላ ባላስት 700 ብር ብለውኛል። እስክለካ አልገዛም።